«ሙሉ ዕቃው ይቀየር» ተብላችሁ ለኋላ መስታወት መጋረጃ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ እንደ ቢኤምደብልዩ 5 እና 7፣ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ወይም ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ያሉ መኪናዎች የምትነዱ ሁሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኋላ መስታወት መጋረጃ አልነሣ ሲላችሁ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሙሉ ዕቃው ካልተቀየረ አይሆንም» የሚላችሁን ጋራዥ ሳታጣሩ እንዳታምኑ አሳስባለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአባቴ ቢኤምደብልዩ ላይ የተፈጸመው ይህ ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ከኋላ የሞተር ድምፅ በግልጽ ይሰማ ነበር፤ መጋረጃው ግን ንቅንቅ አይልም። ጋራዡ ድምፁን እየሰማ ሞተሩ አልቋል ብሎ ፈረደ፣ ከዱባይ ለሚመጣ «አዲስ ዕቃ» 45 ሺህ ብር ተቀበላቸው፣ አሮጌውንም ሳይመልስ አስቀረው። ብዙም ሳይቆይ መጋረጃው እንደገና ቆመ። የኋላ ወንበሩንና ከመስታወቱ ሥር ያለውን ሽፋን ሌላ ባለሙያ ዘንድ ስናስፈታ፣ አዲስ በተባለው ሞተር ላይ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴዎች በቢጫ ቀለም የሚጽፉት ቁጥር ተገኘ። ይህም ሞተር ቢሆን ደኅና ነበር። የተበላሸችው በሞተሩ ዘንግ ላይ የምትገባው ጥርስ ያላት ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ብቻ ናት፤ ስንጥቁ ከመሃል ቀዳዳዋ ተነሥቶ በሁለት ጥርሶች መካከል እስከ ጠርዟ ስለዘለቀ፣ ዘንጉ በውስጧ በከንቱ ይሽከረከር ነበር።

ይህች ፕላስቲክ የምትሰነጠቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጋረጃው የተጠቀለለበት በትር በውስጡ ስፕሪንግ ስላለው ጨርቁን ዘወትር ወደ ታች ይስባል፣ ሞተሩም በሚያነሣበት ጊዜ ሁሉ ይህን ጉልበት የሚያሸንፈው በእሷ በኩል ነው፤ በዚያ ላይ ከኋላ መስታወት ሥር ለዓመታት የፀሐይ ሙቀት ይፈራረቅባታል። ስለዚህ ያገለገለ ሙሉ ዕቃ መግዛት ያንኑ ያረጀ ፕላስቲክ በውድ ዋጋ መልሶ መግዛት ነው። እኛ ቶርኖ ቤት ወስደን በልኳ ከነሐስ አስቀረጽናት፣ የጠየቁንም 2,500 ብር ነበር።

ድምፅ ካለ ፊውዙም ሽቦውም ሞተሩም ሥራ ላይ ናቸው፣ ችግሩም ያለው ጥርስ ባላት ፕላስቲክ ወይም መጋረጃውን በሚያነሡት ክንዶች ላይ ነው። ድምፅ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ ፊውዙና ቁልፉ ይታዩ፤ ቀጥሎ፣ ሞተሩ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ በቀጥታ 12 ቮልት ይሰጠው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ በተቃራኒው የሚዞር ሞተር አልተቃጠለም። ይህ ፍተሻ በፊታችሁ እንዲደረግ ጠይቁ፣ የማይፈቅድ ጋራዥ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። መጋረጃውን በእጃችሁ ለመሳብ አትሞክሩ፤ ጤነኛ የነበረውን ክንድም ሊሰብር ይችላል። ክንዶቹ ሲላቀቁ ጨርቁ በኃይል ስለሚመለስ ጣትም ይጎዳል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፣ ዕቃው ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጽንም ይከለክላል። ሆኖም በአባቴ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው «የመጋረጃ ሥራ» የሚል ብቻ ስለነበር፣ ጋራዡ አዲስ ዕቃ እገጥማለሁ ብዬ አላውቅም ሲል በጽሑፍ የምናሳየው ማስረጃ አልነበረንም። ስለዚህ የዕቃው ስም፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ እንዲሁም አሮጌው እንደሚመለስላችሁ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቀብድ ከፍላችሁ ዕቃው ገና ያልተገጠመላችሁም ብትሆኑ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ይህን አስጽፉ፣ የሚገጠመውንም ሞተር ከመገጠሙ በፊት አገላብጣችሁ እዩት።