ለቡዮን ሻርቲየ አስተናጋጆች ምስጋና፣ በፓሪስ ለምታልፉ ደግሞ ጥቆማ

ፓሪስ 9ኛው ወረዳ፣ ፎቡር ሞንማርትር መንገድ ቁጥር 7፣ ከመንገዱ ወደ ግቢው ገባ ብሎ ባለው ቡዮን ሻርቲየ ምግብ ቤት ለምትሠሩ አስተናጋጆች፦ እጃችሁ ይባረክ። ጥቁር ሰደርያ፣ ረጅም ነጭ ሽርጥ፣ በአንድ ክንድ የተደረደሩ ሳህኖች፣ እና ከጥዋት እስከ እኩለ ሌሊት የማይቆም ሰልፍ። በዚያ ሩጫ መሀል ትዕዛዝ አለማምታታት ሙያ ነው።

ቡዮን ማለት መረቅ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ዱቫል የሚባል የፓሪስ ሥጋ ነጋዴ ለገበያ ሠራተኞች ትኩስ መረቅና ቅቅል በርካሽ ማቅረብ ጀመረ፤ የዚህ ዓይነት ቤት ሁሉ በዚያው ስም ቀረ። ሻርቲየን ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች በ1896 እ.ኤ.አ. ከፈቱት። ትልልቁ መስታወት፣ ከጠረጴዛው በላይ እንደ ባቡር የዕቃ ማስቀመጫ የተዘረጋው የነሐስ መደርደሪያ፣ ቁጥር ያላቸው ትንንሽ መሳቢያዎች፣ ሁሉም እስከዛሬ አሉ። የዱሮ ደንበኞች የየራሳቸውን ናፕኪን መሳቢያው ውስጥ እየተዉ ይሄዱ ነበር።

ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቦታ ማስያዝ የለም። አራት ሰው የሚይዘውን ጠረጴዛ ሁለት ሰው ይዞት አይቀመጥም፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ያስቀምጧችኋል። ጠረጴዛ ልብሱ ወረቀት ነው። ትርፉ ያለው አንድ ጠረጴዛ በቀን ስንቴ ሰው ይቀያየርበታል የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ አስተናጋጁ ቶሎ መጥቶ "ምን ልታዘዝ?" ሲል ማጣደፍ አይምሰላችሁ። ሜኑውን ሰልፍ ላይ ሆናችሁ ምረጡ፤ በር ላይ ይለጠፋል፣ በየቀኑም አዲስ ይታተማል። ለረጅም ጨዋታ ሌላ ቤት ፈልጉ፣ ጫጫታውም አያስወራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሄዳችሁ ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ ወደ መንገድ ይወጣል። ከጥዋቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሂዱ። ሜትሮው ግራን ቡልቫር ነው፣ መስመር 8 እና 9። ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ በኤር ኧ ኤር ቤ (RER B) ባቡር መጥታችሁ "ጋር ዱ ኖር" ጣቢያ ለምትወርዱ ግን ሌላ ቅርንጫፍ ይቀርባችኋል፦ "ጋር ደ ሌስት" ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው፣ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ።

አስተናጋጅ በጭብጨባ መጥራት እዚያ ነውር ነው። ዓይኑን ፈልጋችሁ እጅ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከትዕዛዝ በፊት ደግሞ "ቦንዡር" ይባላል። ይህችን አንዲት ቃል የዘለለ ሰው ነው ብዙ ጊዜ "ፈረንሳዮች ፊታቸው አይፈታም" ብሎ የሚመለሰው።

ወደ ምግቡ። የመክፈቻ ምግቦች ብዙዎቹ ከ5 ዩሮ በታች፣ ዋና ምግቦች አብዛኞቹ ከ15 ዩሮ በታች ናቸው። የእኛ ምክር፦ ስቴኩን ተዉት፣ በቀስታ የተቀቀለውን ውሰዱ። ለብዙ መቶ ሰው በሚያበስል ማዕድ ቤት ስስ ስቴክ በአንድ ደቂቃ ይደርቃል፤ በወይን የበሰለ የበሬ ወጥ (ቡርጊኞን) ወይም የዳክዬ ኮንፊ (በራሱ ስብ ቀስ ብሎ የበሰለ) ግን ቢቆይም አይከፋም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ስቴክ ካላችሁ ደግሞ "አ ፑዋን" ማለት በደንብ የበሰለ ማለት አይደለም፣ መሀሉ ቀይ ሆኖ ይመጣል። የበሰለ የሚፈልግ "ቢየን ኩዊ" ይበል። ለጥሬ ለምዳችሁ "ሴኛን" (ጥሬነት ያለው) ለምትሉ ግን ደስ ይበላችሁ።

የአሳማ ነገር ተደብቆ ይመጣል። "ላርዶን" የሚል ቃል ሰላጣ ወይም ምስር ላይ ካያችሁ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ነው፤ "አንዱዬት" ከአሳማ አንጀት የሚሠራ ቋሊማ ሲሆን ሽታው ቀድሞ ይደርሳል፤ "ሹክሩት" ከቋሊማና ከአሳማ ሥጋ ጋር የሚቀርብ የቆመጠጠ ጎመን ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ከዓሣና ከአትክልት ባይወጡ ይሻላል፣ ያም ቢሆን ወይን የገባበት ሶስ መኖር አለመኖሩን ጠይቀው። ጾም ላይ ያላችሁ የተፈቀፈቀ ካሮት በሎሚ፣ ባሮ ሽንኩርት በኮምጣጤና ዘይት (እንቁላል እንዳይነሰነስበት ተናግራችሁ)፣ ቅቅል ድንች ታገኛላችሁ፤ ድንቹ ቅቤ እንዳይነካው "ሳን ብዩር" በሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንከፍተውም።

ዳቦ በነፃ ነው፣ ሲያልቅ ይጨመራል። ውሃ ስትሉ "ዩን ካራፍ ዶ" በሉ፣ የቧንቧ ውሃ በነፃ ይመጣል፤ ዝም ብላችሁ "ውሃ" ካላችሁ የታሸገው መጥቶ ሂሳብ ላይ ይገባል።

ሂሳቡን አስተናጋጁ ያው ወረቀት ጠረጴዛ ልብስ ላይ በእጁ ይደምረዋል። ፈረንሳዮች 1ን ረጅም ቀንድ አውጥተው ስለሚጽፏት 7 ትመስላለች፤ እውነተኛው 7 መሀሉ ላይ ሰረዝ አለበት። ይህን ካላወቃችሁ ድምሩ የተሳሳተ መስሏችሁ ለጠብ ትነሳላችሁ። የአገልግሎት ክፍያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ በተጻፈው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው፣ ጉርሻ ግዴታ የለባችሁም። መልካም ለሠራ ሰው አንድ ሁለት ዩሮ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ትቶ መነሳት ግን የተለመደ ነው፣ እነዚህ አስተናጋጆች ደግሞ ይገባቸዋል።