የአባባን ሣጥን ላዳኑልን የቶንግዮንግ አዛውንት

በልቤ አመስግኜ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው የምጽፈው።

አያቴ (አባባ ነው የምንላቸው) በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ ያመጡት ጥቁር ሣጥን አለን። ኮሪያዎቹ ናጄዮንቺልጊ ይሉታል፤ እንጨቱ በዛፍ ሙጫ ተለብጦ፣ በላዩ የባሕር ዛጎል በስሱ እየተቆረጠ ተለጥፎበታል። ክዳኑ ላይ ጥድ፣ አጋዘንና እግረ ረጃጅም ወፎች አሉ፤ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴው ሐምራዊ ይሆናል። አባባ እጅ ሲገባም አሮጌ ነበር። እማማ ሜዳሊያዎቻቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ውስጥ ነው።

ዛጎሉ መርገፍ ሲጀምር አዲስ አበባ ሁለት ቦታ አሳየነው። አንዱ ሳይጠይቀን ቫርኒሽ ለቀለቀበት። ሌላው የተነሳውን በሱፐር ግሉ አጣብቆ፣ የጎደለውን በጥፍር ቀለም ሞልቶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለ። እማማ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ለትምህርት ሴኡል ስመጣ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ፤ እዚህም አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገልበጥ አድርጎ አየና "ይህ አልቆለታል፣ ከፈለግሽ በርካሽ ልውሰደው" አለኝ። እንዴት እንዳንገበገበኝ!

በመጨረሻ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቶንግዮንግ ሂጂ አለችኝ። በስተደቡብ ባሕር ዳር ያለች፣ በዚህ ጥበብ ከጥንት የታወቀች ከተማ ናት፤ ከሴኡል በአውቶቡስ ከአራት ሰዓት በላይ ታስኬዳለች። እዚያ ነው ሰንሴንግኒምን ያገኘኋቸው፤ "መምህር" እንደማለት ነው።

ስለ ዋጋ ሳያነሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ "የረገፉት ቁርጥራጮችስ?" ብለው ነው። እማማ ለዓመታት ከወለል እየለቀሙ በክብሪት ቀፎ ያጠራቀሟቸውን ሰጠኋቸው። ከዚያ በፊት ያቺን ቀፎ የከፈተ ባለሙያ አልነበረም። ጥቁር ጨርቅ ላይ አፈሰሷቸው፤ በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሱ፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል እያደረጉ፣ ይህ የወፏ ክንፍ፣ ይህ የአጋዘኑ እግር እያሉ ቦታ ቦታቸው ደረደሯቸው። ከሩዝ ፍሬ የምታንሰዋን እንኳ አልጣሏትም።

ክዳኑን ሲከፍቱ ከውስጥ በኩል የተጫረ ጽሕፈት አዩ። "ምን ይላል?" አሉኝ። "ኮሪያ 1944" ብዬ አነበብኩላቸው፤ የአባባ እጅ እንደሆነም ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ያሳየነው ሰው ጭረት መስሎት ሊፍቀው ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ፊደሎቹ አጠገብ አሳርፈው "ይህን አልነካም" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ እዚያው አለቀስኩ።

የሥራውን ምስጢር አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ሙጫው የሚጠነክረው እርጥበት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ሲሉኝ ሁለቴ ነው ያስደገምኳቸው። አራት ወር ፈጀባቸው። በየጊዜው ፎቶ ይልኩልኝ ነበር፤ መጀመሪያ በነገሩኝ ዋጋ ላይ አንድ ዎን አልጨመሩም።

ለእማማ በቪዲዮ ሳሳያቸው ወፎቹን አላዩም። "ክፈቺው፣ ጽሕፈቱ አለ?" አሉኝ። አለ፣ እማማ።

ኮሪያ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የዘማች አባት ዕቃ ያለ፣ እባካችሁ ለማንም አትስጡ፤ እሳቸው ጋ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ጋ ውሰዱት! ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ነው ያልጻፍኩት፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። እስክትሄዱ ድረስ የረገፈውን ሁሉ ልቀሙና አስቀምጡ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትጠርጉት።