የአስቤዛ ካርድ እየተባለ የሚሸጠውን የሜዲኬር ፕላን ከመፈረምዎ በፊት

በአሜሪካ የምትኖሩና ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም የወላጆቻችሁን ፖስታ የምትከፍቱላቸው ልጆች፣ ይህን ጽሑፍ ከዲሴምበር 7 በፊት እንድታነቡት እጠይቃለሁ። በየዓመቱ ኦክቶበር 15 የሚከፈተው የፕላን መቀየሪያ ጊዜ በዚያ ዕለት ያበቃል፤ «ነገ እደውላለሁ» ብሎ ማሳደር አያዋጣም። በዚህ ወቅት በየአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃው፣ በየአዳራሹና በየሐበሻ ሱቁ ደጃፍ «ነፃ ፕላን፣ የአስቤዛ ካርድ፣ ጥርስና መነጽር» እያሉ በአማርኛ የሚያስፈርሙ ሰዎች ይበዛሉ። ማስጠንቀቂያዬ በዚህ መልክ ስለሚቀርበው ውል ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት አንዲት የማውቃቸው እናት የደረሰባቸውን ላስቀድም። እኚህ እናት መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠውን መደበኛውን ሜዲኬር ከተጨማሪ የሜዲጋፕ ኢንሹራንስ ጋር ይዘው ለዓመታት የልብ ሐኪማቸው ዘንድ ያለ ምንም ጣጣ ሲመላለሱ ኖረዋል። ለሜዲጋፑ በወር ከ150 ዶላር በላይ ይከፍሉ ነበር። አንድ ኤጀንት በምሳ ግብዣ ላይ አገኛቸውና «እማማ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ ለምን ያወጣሉ? የኛው ወርኃዊ ክፍያው ዜሮ ነው፤ በዚያ ላይ የአስቤዛ ካርድ አለው» አላቸው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለውን የሜዲኬር ካርዳቸውን በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ በታብሌቱ ላይ በጣታቸው አስፈረማቸው፣ ሄደ። ስለ ሐኪማቸው ማንነትም ሆነ ስለሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንድም ጥያቄ አልጠየቃቸውም።

ጃንዋሪ ላይ ለቀጠሯቸው ሲቀርቡ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ አዲሱን ካርድ ኮምፒውተር ላይ ካየች በኋላ በመስኮቱ ሥር መልሳ ገፋ አደረገችላቸውና ሐኪሙ በዚህ ፕላን ኔትወርክ (ከፕላኑ ጋር በተዋዋሉት ሐኪሞች ዝርዝር) ውስጥ እንደሌሉ ነገረቻቸው። የፈረሙት የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላን፣ ማለትም በመደበኛው ሜዲኬር ፈንታ በግል ኩባንያ የሚሰጥ ሽፋን፣ ኤችኤምኦ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ከኔትወርኩ ውጭ ያለ ሐኪም ያየው እንደሆነ ሙሉውን ሒሳብ የሚከፍለው ታካሚው ነው። አስቤዛ የተባለው ካርድም ሲመጣ በሦስት ወር አንዴ 50 ዶላር የሚሞላበት፣ ቫይታሚንና የቁስል ፕላስተር የመሳሰሉትን ብቻ የሚገዛ ሆኖ ተገኘ። ይዘውት ወደ ሐበሻ ሱቅ ሄደው ለእንጀራና ለበርበሬ ቢሰጡት ማሽኑ አልቀበልም አለ።

«ዜሮ» የሚለውን ቃል በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል። ዜሮ የሚሆነው የፕላኑ ክፍያ እንጂ የፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ ክፍያ አይደለም፤ እርሱ አድቫንቴጅ የገባ ሰውም ቢሆን ከሶሻል ሴኩሪቲው የሚቆረጥበት ሲሆን፣ በ2025 በወር 185 ዶላር የነበረው በ2026 ግን 202.90 ዶላር ነው። የ2026 የሶሻል ሴኩሪቲ ጭማሪ 2.8 በመቶ ስለሆነ፣ በወር 900 ዶላር የሚያገኝ ሰው ከሚጨመርለት 25 ዶላር ከሃያ ሳንቲም ውስጥ 17.90 ዶላሩ ወዲያው ተመልሶ ይሄዳል። ኪሱ እንዲህ በጠበበበት ሰዓት «ነፃ» የሚል ሰው ሲመጣ ማንም ጆሮውን ቢሰጥ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በአድቫንቴጅ ፕላን የታመመ ሰው በየቀጠሮውና በየሆስፒታል ቀኑ ኮፔይ (የራሱን ድርሻ) ይከፍላል፤ በ2026 ሕጉ ያስቀመጠው የዓመቱ ጣሪያ በኔትወርክ ውስጥ ላለ ሕክምና ብቻ እስከ 9,250 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ለብዙ ምርመራዎችና ቀዶ ሕክምናዎችም ፕላኑ አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ ላይታየው ይችላል፤ ለልብ ሕመምተኛ ግን የኑሮው ዋና ጉዳይ ነው።

ኤጀንት ሁሉ አታላይ ነው እያልኩ አይደለም፤ ፎርሙን አስተካክሎ የሚሞላ፣ «ያለዎት ይሻልዎታል» ብሎ የሚመልስም አለ። ነገር ግን ከመደበኛው ሜዲኬር ወደ አድቫንቴጅ ላስገባው ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ኤጀንቱ ለ2026 በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች እስከ 694 ዶላር ኮሚሽን ሊከፈለው እንደሚችል፣ «ባሉበት ይቆዩ» ብሎ ለሚመክረው ግን ማንም ይህን እንደማይከፍለው ማወቅ ይገባል። ደግሞም አብዛኛው ኤጀንት በአካባቢያችሁ ያሉትን ፕላኖች ሁሉ አይሸጥም፤ የስንት ኩባንያ ፕላን እንደሚሸጥ በቀጥታ ጠይቁት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ሜዲጋፕን መተው ነው። ሜዲጋፕ ያለ ጤና ጥያቄ የሚገኘው 65 ዓመት ሞልቶ ፓርት ቢ ከተጀመረ በኋላ ባሉት 6 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ኒውዮርክ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኮኔቲከትና ሜን ካሉ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች በቀር ኩባንያው የጤና ታሪክን አይቶ ዋጋ መጨመር፣ ጨርሶ እምቢ ማለትም ይችላል። ስኳርና ልብ ያለበት የ75 ዓመት ሰው ዛሬ የተወውን ነገ መልሶ ማግኘቱ እጅግ አጠራጣሪ ነው።

ሆኖም ሻጮች የማይናገሩት አንድ መብት አለ። ሜዲጋፕ ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አድቫንቴጅ የገባ ሰው ከገባ 12 ወር ሳይሞላው ቢወጣ፣ ያው ኩባንያ እስከሸጠው ድረስ የቀድሞ ሜዲጋፑን ያለ ጤና ጥያቄ መልሶ ማግኘት ይችላል። ከላይ የጠቀስኳቸው እናት የዳኑት በዚህ ነው፤ ይህንንም ያወቁት ልጃቸው ለክፍለ ግዛቱ ነፃ አማካሪ ደውላ ከጠየቀች በኋላ ነበር። ባለፈው ጃንዋሪ 1 ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችሁ ካላችሁ 12 ወራችሁ የሚሞላው በዚህ ዓመት መጨረሻ ነውና አሁኑኑ ጠይቁ። ፕላናቸው በሚቀጥለው ዓመት ከሚኖሩበት ካውንቲ እንደሚወጣ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎችም እንዲሁ ያለ ጤና ጥያቄ ሜዲጋፕ የመግዛት መብት አላቸው፤ ጊዜውም የአሁኑ ሽፋን ካበቃ በኋላ እስከ 63 ቀን ነው። ያን ደብዳቤ አትጣሉ፤ ማስረጃችሁ እርሱ ነው። «ፕላንዎ ሊዘጋ ነው፣ ዛሬውኑ ወደኛ ይግቡ» የሚል ሰው ይህን ሁለተኛ በር አያሳያችሁም።

ስለ አስቤዛ ካርዱም ለ2026 የተለወጠ ነገር አለ። እስከ 2025 ድረስ አንዳንድ ፕላኖች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በገቢው ብቻ የምግብ ገንዘብ እንዲሰጡ የሚያስችላቸው የመንግሥት የሙከራ ፕሮግራም ነበር፤ የፕሮግራሙ ማብቂያ የ2025 መጨረሻ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ፕላኑ የምግብ ገንዘብ መስጠት የሚችለው ደንቡን የሚያሟላ ሥር የሰደደ ሕመም መኖሩ ለተረጋገጠለት ሰው ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ሽፋን ጠቅሶ «ሜዲኬይድ ካለዎት ካርዱ በቀጥታ ይመጣል» የሚለው ንግግር ከ2026 ጀምሮ አይሠራም። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ከካርዱ ይልቅ ክፍለ ግዛቱ የፓርት ቢ ክፍያውን እንዲሸፍንለት ቢያመለክትና ቢፈቀድለት በ2026 በወር 202.90 ዶላር ኪሱ ውስጥ ይቀርለታል።

በመድኃኒት በኩልም ሕግ የሰጠውን ፕላኑ ከኪሱ እንደሚለግስ አድርጎ መሸጥ የተለመደ ነው። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት ማንኛውም የሜዲኬር የመድኃኒት ፕላን ያለው ሰው፣ ፕላኑ ለሚሸፍናቸው መድኃኒቶች በ2026 ከኪሱ የሚያወጣው ከ2,100 ዶላር አይበልጥም፤ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አያልፍም፤ ኤሊኩዊስ፣ ዛሬልቶ፣ ጃኑቪያና ጃርዲያንስን ጨምሮ መንግሥት የተደራደረባቸው 10 መድኃኒቶች አዲሱ ዋጋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይጸናል። ይህን ለማግኘት ፕላን መቀየር አያስፈልግም። መመርመር ያለበት ሌሎቹ መድኃኒቶቻችሁ በፕላኑ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውና ቅድሚያ ከኪስ የሚከፈለው፣ ለ2026 እስከ 615 ዶላር የሚደርሰው ዲዳክቲብል ነው። የፕላናችሁ ለውጦች ከሴፕቴምበር መጨረሻ በፊት በፖስታ በመጣላችሁ ዓመታዊ የለውጥ ማስታወቂያ ላይ ተጽፈዋል።

አገር ቤት ለሚመላለሱ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መደበኛው ሜዲኬር ኢትዮጵያ ውስጥ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። እንደ ጂ (G) እና ኤን (N) ያሉ የሜዲጋፕ ዓይነቶች ግን በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕክምና፣ በቅድሚያ 250 ዶላር ከተከፈለ በኋላ ከቀሪው 80 በመቶውን፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ይሸፍናሉ። በአንጻሩ የአድቫንቴጅ ፕላን አባል ከፕላኑ አካባቢ ከ6 ወር በላይ ከራቀ ብዙውን ጊዜ ከአባልነት ይሰረዛል። አዲስ አበባ ሄዶ ለገና ገብቶ ከክረምት በኋላ የሚመለስ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

ደንቡ ሻጮችን የሚከለክላቸውን ነገሮች ማወቅም ይረዳል። ሳይጠየቁ መደወል፣ ያለ ቀጠሮ በር ማንኳኳት፣ በሽያጭ ስብሰባ ላይ ምግብ መጋበዝና ከ15 ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታ መስጠት አይፈቀድላቸውም። የሜዲኬር ቁጥር እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚጠበቅ ነው፤ በስልክ «እሺ» ማለትም ተቀርጾ እንደ ፊርማ ሊቆጠር ይችላል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ የሌላቸው፣ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችና ስደተኞች የሜዲኬር መብታቸውን እንዲያጡ አድርጓል፤ አሁን ሜዲኬር ላይ ያሉትንም እስከ ጃንዋሪ 4 ቀን 2027 ያስወጣል። በዚህ ስጋት ላይ ተመሥርቶ «እንዳይሰረዝብዎ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ዝጉት፤ የሚመለከታቸው ሰዎች የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

በዚህ የመቀየሪያ ጊዜ የፈረማችሁና የተጸጸታችሁ ካላችሁ ጊዜው አላለፈም። እስከ ዲሴምበር 7 ድረስ የሚጸናው በመጨረሻ የተመረጠው ፕላን ስለሆነ፣ ወደ ነበራችሁበት ፕላን ዳግመኛ መመዝገብ የፊተኛውን ይሽረዋል። ሜዲጋፕ ያላችሁ ደግሞ አዲሱ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ክፍያውን አታቋርጡ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ድረስም በአድቫንቴጅ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ሌላ አድቫንቴጅ መቀየር ወይም ወደ መደበኛው ሜዲኬር መመለስ ይችላል፤ ይህ ግን በራሱ የሜዲጋፕ መብት አይሰጥም። ሜዲኬርን በ1-800-633-4227 ደውላችሁ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። ኮሚሽን የማይቀበሉት የክፍለ ግዛት አማካሪዎች በ1-877-839-2675 ይገኛሉ። ያለ ፈቃዳችሁ ፕላን የቀየረባችሁን ወይም በውሸት ያስፈረማችሁን ሰው ለመጠቆም በ1-877-808-2468 ይደወላል፤ በምትደውሉበት ጊዜ የኤጀንቱን ስም፣ ያስፈረመበትን ቀንና የሰጣችሁን ወረቀት ያዙ።