ማርቆስ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስጠና ለምትፈልጉ፣ እኚህን መምህር ያዙ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት እንተይባለን። ዛሬ የምጽፈው አብረውኝ የሚሠሩትን ሁለት ልጆች እንግሊዝኛ ያስጠኑልኝን መምህር ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትጠሪ ብለውኛል፤ አልጠራም። ሠፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል።

የኔታ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ዋሸራ በሚባለው ቅኔ ቤት ቅኔ ቆጥረዋል። ኋላ አስኳላ ገብተው እስከ ጡረታቸው እንግሊዝኛ አስተማሩ። ልዩ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

ሲቪ ላይ የሚያስቸግረው ምን መሰላችሁ? እንግሊዝኛ ስሙን ምንም ሳይጨምርበት ግስ ያደርገዋል። ቼር ወንበር ነው፤ ስብሰባ መምራትም ነው። ባጀት፣ ፓይለት፣ ማፕ፣ ቻናል፣ ፕሮግራም፣ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ሲቪ ደግሞ ያለፈ ሥራ ነው የሚዘረዝረው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ኢዲ (-ed) መጨመሩ አይቀርም። ግን ማፕ ላይ ፒ ይደገማል፣ ባጀት ላይ ቲ አይደገምም። ልጆቼ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነበር።

ቅኔ ቤት የግዕዝ ግስ የሚጠናው በአርእስት፣ ማለት ለሌሎቹ አርአያ በሚሆኑ ግሶች ነው። እነ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ አሉ፤ አዲስ ግስ ሲመጣ የማን ቤት እንደሆነ ይጠየቃል። የኔታም እንግሊዝኛውን እንዲሁ አደረጉት። የማፕ ቤት፦ አጭር፣ አንድ አናባቢ ይዞ በአንድ ተነባቢ የሚዘጋ፤ መዝጊያው ይደገማል። የባጀት ቤት፦ ረዘም ይላል፣ ድምፁ የሚጠነክረው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ቲ ብቻዋን ትቀራለች። ፓይለትም እዚያው ገባ። የጉግል ቤት፦ ኢ ድሮም መጨረሻው ላይ ስላለች ዲ ብቻ ይበቃል። (ጉግልን ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግስ ብሎ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።) ፓኒክ ላይ ከኢዲ በፊት ኬ ትገባለች፤ አለዚያ ሲ «ስ» ተብላ ትነበባለች። ኢንቦክስ ላይ ኤክስ አትደገምም፤ አንዷ ፊደል የሁለት ድምፅ ሥራ ትሠራለችና።

ቻናል ላይ እንግሊዞች ኤልን ይደግማሉ፣ አሜሪካኖች አይደግሙም። ሁለቱም ልክ ነው፤ አንድ ወረቀት ላይ አታደባልቁ እንጂ። ፕሮግራም ግን አመለኛ ነው። የባጀት ቤት መሆን ሲገባው ሁለቱም አገር ኤምን ይደግሙታል።

እኔን በጣም የገረመኝ ሪንግ ነው። ስልክ ሲጮህ ያለፈው ራንግ ነው። ቀለበት ከሚለው ስም ወጥቶ «ከበበ» ሲሆን ግን ሪንግድ ይባላል። ከስም የተወለደ ግስ ብዙውን ጊዜ የድሮዎቹን ግሶች አመል አይወርስም፤ ኢዲውን ይይዛል። ስክሪንሾትም እንዲሁ። ሾት ራሱ ያለፈ ጊዜ ስለሚመስል ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይተወዋል። የኔታ ግን ቲን ደግመው ኢዲ አስጨመሩበት።

አንድ የማንስማማበት ነገር አለ። ኢምፓክት («ተጽዕኖ») ግስ ሲሆን የኔታ ደማቸው ይፈላል። እኔ ግን ደንበኛ ሪፖርቱ ላይ ካሰፈረው ምን አገባኝ፣ እተይባለሁ። ሰዓት ላይም ምሕረት የላቸውም፤ ያረፈደ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

አሁን ልጆቹ ጽሑፉን ራሳቸው አርመው ነው የሚያወጡት። ደንበኛም እየመረጠ ወደ እነሱ ይሄዳል። የኔታ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ላላችሁ፣ ሥራ ለምታፈላልጉ፣ ሪፖርት ለምትጽፉ ሁሉ አምናችሁ ሂዱ እላለሁ። ክፍያቸው አይጎዳም። የሚያስጠኑት ማታ ማታ ነው፣ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚይዙት። ስልካቸውን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ። ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ሞባይል አያስገቡም።