ቮልስ ወይስ ሴይቼንቶ?

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ አሮጌ መኪናውን ገዝቶ ማደስ ላማረው ሰው፣ ምርጫዬ ቮልስ ናት።

ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ራዲያተር የለ፣ የውሃ ሐሳብ የለ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ አውርዶ መሬት ላይ እያዩ መማር ይቻላል። ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተች መለዋወጫዋም አልጠፋም።

ጠላቷ ዝገት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ወንበር አንሱት። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ አሲድ የነካው ወለል ቀስ እያለ ይበላል። ምንጣፉን ገልጣችሁ በካቻቢቴ ጫን በሉት። ወለሉ ከበሳ፣ ዋጋ አስቀንሱ፤ አለዚያም ተዉት። የላሜራ ሥራ ኪስ ያራቁታል።

ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣች ናት። ትንሽ፣ ቀላል፣ ለጠባብ ሰፈር የተመቸች። ሞተሯ እንደ ቮልስ ከኋላ ቢሆንም የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። ዳገት ላይ ከልክ በላይ ከሞቀች ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቴስታታም (ክዳኑ ራሱ) ሊጣመም ይችላል። ለጀማሪ ይከብዳል።

ግን ከ1964 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ሴይቼንቶዎች የበራቸው ማጠፊያ ከኋላ በኩል ነው፤ ለእኔ ልዩ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። እንደዚያ ያለች፣ ላሜራዋ ያልተበላ ካገኛችሁ፣ ቮልሷን ተዉና እሷን ያዙ።