የሞተር ኮድ ማንበቢያ፦ ባለ ሽቦው፣ የስልኩ ወይስ ቴስተሩ?

የደከመ ሞተር የሚታወቀው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ እስክትደርሱ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ሜዳውን ዝም ብላ የመጣች መኪና ዳገቱ ላይ መንተፋተፍ ትጀምራለች፤ የሞተር መብራቷም ብልጭ ድርግም ይላል። የእኔዋም ባለፈው ክረምት እንዲሁ ሆነች። ጋራዥ ስወስዳት አራቱንም ካንዴላ ቀየሩልኝ፤ ችግሩ ግን አልለቀቃትም። መኪናዋ የመዘገበችውን የችግር ኮድ የሚያነብ መሣሪያ መግዛት ያማረኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ ሽቦውን ነው። የራሱ ስክሪን አለው፤ ኃይሉንም ከመኪናዋ ይወስዳል። ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ቁልፉን ማብራት ብቻ ነው። ፒ0302 አለኝ። ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ይሁን ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ግን ኮዱ አይናገርም። ሞተሩን አጠፋሁና የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኮይል አቀያየርኩ። ኮዱን አጥፍቼ እንደገና ሐረጎን ወጣሁ። አሁን ፒ0303 አለኝ! ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል። አንድ ኮይል ገዝቼ ተገላገልኩ።

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው፣ ብዙ ሰው ኢኤልኤም 327 የሚለው፣ ከባለ ሽቦው ይረክሳል። የምወድለት መኪናዋ እየሄደች ሞተሩን ማሳየቱን ነው። ስልኩን ግን ጎናችሁ ያለው ሰው ይያዘው። የውሃው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዳገት ላይ 110 ከደረሰ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ሳይበርድም የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። ጣጣው ገበያው በቅጂ መሞላቱ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይገናኝም። አይፎን ደግሞ ተራውን የብሉቱዝ ዓይነት አይቀበልም፤ ዋይፋይ ያለውን ወይም ለአይፎን የሚሆነውን ጠይቁ። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ የቆዩ ቶዮታዎች መካከልም ሶኬቱ እያላቸው መልስ የማይሰጡ አሉ። ስለዚህ ሻጩን «መኪናዬ ላይ ልሞክረው» በሉት። የሞተሩ ዙር ስልኩ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

መኪናችሁ ሶኬቱ የሌላት አሮጌ ዲኤክስ ናት? አብሽሩ፣ ቮልት የሚለካው ቴስተር አለላችሁ። የደሴ ብርድ ጠዋት ላይ መጀመሪያ የሚፈትነው ባትሪን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ለኩት፤ ጤነኛና ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 መውጣት አለበት። 12 ላይ ከቀረ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ቺንጋውንና ዲናሞውን እዩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ መኪና ብቻ ላለውና አንድሮይድ ለያዘ ሰው የስልኩና ቴስተሩ ይበቃሉ። የጎረቤቱን ሁሉ መኪና የሚያይ ሰው ግን ባለ ሽቦውን ይግዛ። ማገናኘት፣ አፕ መጫን፣ የስልክ ባትሪ አለቀ የሚባል ነገር የለውም።