ምስሩ አንደኛ፣ የግድግዳው ወረቀት ግን ይነሳልኝ

ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ወርዳችሁ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትታጠፉ አንዲት የጾም ምግብ ቤት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ሁለት ወር ሙሉ ምሳዬን እዚያ በልቻለሁ።

በያይነቱው 180 ብር ነው። የምስሩ ቁሌት በደንብ የበሰለ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ቀዝቀዝ ያለ። ሽሮው ረቡዕና ዓርብ ሰው ሲበዛ ይቀጥናል፤ ውሃ ሳይጨመርበት አይቀርም። እንጀራው ሩዝ አልገባበትም፣ እጄ ያውቀዋል።

ባይፖላር የሚባል ስሜትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም አለብኝ። ሲጥለኝ መጀመሪያ የምተወው ምሳ ነው፤ በሻይና በብስኩት እውላለሁ። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ «ትናንት የት ጠፋህ?» የምትል አስተናጋጅ ያለችበት ቤት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ግድግዳው ላይ ነው። «ምግባችን ድብርትና ጭንቀት ይፈውሳል» ይላል። ለባይፖላሩ ሊቲየም የሚባል መድኃኒት እንደምወስድ ስነግራቸው ባለቤቷ ማዘር፣ «ልጄ፣ እሱን ኬሚካል ተውና ጨው የሌለው ልሥራልህ» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ግን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ጨው በድንገት ከቀነሰ ኩላሊቱ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ሲብስም መመረዝ ይመጣል። ሐኪሜ ያለኝ «ጨውህን እንደለመድከው፣ ውሃም እንዳትረሳ» ነው።

ስለ ምግብና ድብርት ግን የማዘር ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፤ ከባድ ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች፣ 12 ሳምንት። ግማሾቹ በምግብ ባለሙያ እየተመሩ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት አበዙ። ለሌሎቹ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። ምግባቸውን ከቀየሩት ሰዎች 32 በመቶ ያህሉን፣ የሚያጫውታቸው ከተመደበላቸው ደግሞ 8 በመቶውን ድብርቱ ለቀቃቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ ባይፖላርም አይደለም። ደግሞ አብዛኞቹ ከምግቡ ጎን ሕክምና ላይ ነበሩ። መድኃኒት ጣሉ ያላቸው የለም!

«ማዘር፣ ‹ይፈውሳል› የሚለውን ሰርዘው ‹ያጠግባል› ቢሉትስ?» አልኳቸው። ሳቁ። ወረቀቱ እስከ ትናንት አልወረደም።

የምትሄዱ ከሆነ ከስድስት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ሱፍ ፍትፍቱ ያልቃል።